በርሜሉና ጋኑ

ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ቢራ ጠማቂዎች ዘንድ አንድ አዲስ ልማድ ተነሥቷል። ይኸውም ከላቦራቶሪ የሚገኘውን ንጹሕ እርሾ ትቶ ከአየሩ፣ ከእህሉ፣ ከፍሬው ልጣጭና ከዕቃው ግድግዳ በገዛ ራሱ በሚመጣው የዱር እርሾ መጥመቅ ነው። የተጠመቀው ቢራ ወዲያው አይሸጥም። ኦክ ከሚባለው ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ዓመት ይከርማል። ከጠማቂዎቹ አንዳንዶቹ የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭ ይዘፈዝፉበታል። በመጨረሻም ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ፣ አፉ በቡሽ ተደፍኖና በሽቦ ታሥሮ፣ ዋጋውም እንደ ወይን ጠጅ ተቆርጦ ወደ ገበያ ይወጣል።

ይህን ወሬ ለአንድ የጋይንት ገበሬ ብንነግረው የሚገርመው ዋጋው ብቻ ነው። ጠላ ለመጥመቅ እርሾ ከሱቅ የገዛች ሴት በአገራችን አልተሰማችም። ጌሾው ከጓሮ፣ ብቅሉ ከጎታ፣ እርሾው ደግሞ ከእግዜር ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ፋብሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሸሸው ቆይቶ አሁን እንደ ትልቅ ጥበብ የተመለሰበትን ነገር፣ የእኛ እናቶች አንድም ቀን ሳይለቁት ኖረዋል ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ጽሑፍ ለፉከራ የተዘጋጀ አይደለም። «እኛ ቀድመን ነበርን» ማለት ቀላል ነው፤ ማለቱም ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ፤ ቀደምሁ ያለ ሰው ይተኛልና። ልንመረምረው ያሰብነው ሌላ ነገር ነው። በወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና በተማሪዎች መካከል ስለ ጠላ ሁለት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው፣ ጠላ እህል የሚፈጅ የድግስ ልማድ ስለሆነ በተለይ እንደ ጋይንትና እንደ ስማዳ ባለው ድርቅ የሚጎበኘው አገር ሊቀነስ ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ጠላ በፋብሪካ ተጠምቆ፣ በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጥ፣ ወደ ውጭ አገርም ይላክ የሚል ነው። ሁለቱም ከቅን ሐሳብ የመጡ ናቸው። ሁለቱም ግን ነገሩን ሳይቀምሱ የተነገሩ ይመስለናል።

እንግዲያውስ ከመቅመሱ እንጀምር።

ከብራስልስ የተመለሰ አንድ ወዳጃችን ከላይ የተናገርነውን ዓይነት አንድ ጠርሙስ ይዞልን መጥቶ ነበር። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደሚለው በዱር እርሾ የፈላ፣ በኦክ በርሜል የከረመ፣ የብርቱካን ልጣጭ የተዘፈዘፈበት ነው። አራት ሆነን ተቀመጥን። ከአራታችን አንዱ በጋይንት ተወልደው ያደጉ፣ በአዲስ አበባም ብዙ ዘመን የኖሩ አዛውንት ነበሩ። ቡሹ ተነቅሎ ሲቀዳ ቀለሙ እንደ ጠጅ ብጫ ሆኖ ጥቂት ጉሽነት አለው። አረፋው እንደ ፋብሪካ ቢራ አይቆይም፤ ወዲያው ይከስማል። ለአፍንጫ መጀመሪያ የሚደርሰው የብርቱካኑ ልጣጭ ነው፤ ቆየት ሲል ግን የእርጥብ ገለባና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ከበታቹ ብቅ ይላል። ሲጎነጩት እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፤ ጣፋጭነት ከቶ የለውም፤ በመጨረሻም እንጨቱ ምላስን ያዝ አድርጎ ይለቃል። ከእኛ አንዱ «ተበላሽቷል» ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አዛውንቱ ግን ሁለተኛ ጊዜ ተጎንጭተው፣ ጥቂትም አስበው፣ «አልተበላሸም፤ የከረመ ጠላ ነው። ዕቃውን ማጠን ረስተው ነው እንጂ» አሉ።

ፍርዱ ቢያስቀንም ስናስበው ትክክል ሆኖ አገኘነው።

ወደ ጋይንት በሄድን ጊዜ የቀመስነው ጠላ ከቤተ ልሔም ብዙ በማይርቅ መንደር፣ ለደብሩ በዓል በሚጠምቁ አንዲት እማሆይ ቤት የተጠመቀ ነበር። ቀለሙ እንኩሮው በደንብ ስለታመሰ ወደ ጥቁረት ያደላል። በአፍንጫ የሚቀድመው የወይራ ጢስ ነው። ቀጥሎ የጌሾው ምሬት ይመጣል፤ ምሬቱ ሳያልፍ የታመሰው እህል ወፍራም ጣዕም ይከተላል፤ ኮምጣጣነቱ ከሁሉ በኋላ ነው። ይህ በመጀመሪያው ቀን ነው። ጋኑ ተከፍቶ ከተቀዳለት በኋላ በሦስተኛው ቀን ስንቀምሰው ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ኮምጣጣነቱ ፊት ፊት ይሄድ ጀመር። በዚያን ቀን የብራስልሱ ጠርሙስ ትዝ አለን።

እማሆይን፣ «እርሾው ከየት ይመጣል?» ብለን ጠየቅናቸው። ተማሪዎች መሆናችንን ያወቁ ስለሆነ ጥያቄው ተንኰል ያለበት መሰላቸው። «ጋኑ ያውቃል፣ ልጆቼ» አሉን።

ይህ መልስ የቀልድ መልስ አይደለም። ጠላ እንዴት እንደሚፈላ ለመረዳት መጀመሪያ ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ አፉ በወይራ ጢስ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጥንስሱ ይህ ነው። ከቀናት በኋላ ብቅልና ቂጣ ይገባበታል። ቀጥሎ ታምሶ የተፈጨው እህል፣ እንኩሮው፣ ይጨመርና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም እርሾ ብሎ የጨመረው ነገር የለም። ሆኖም በጌሾው ቅጠልና እንጨት ላይ፣ በብቅሉ ላይ፣ ከሁሉም ይልቅ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ ካለፈው ጥንስስ የቀሩ ረቂቅ ነፍሳት አሉ። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ከእርጎ ነፍሳት ጋር የሚዛመዱት ባክቴሪያዎች ደግሞ ያኮመጥጡታል። በ1991 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት ይህን የጠላ አፈላል ደረጃ በደረጃ መርምሮታል። ጋኑ ሲከፈት አየር ይገባል፤ አየር ሲገባ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ነፍሳት ይነሣሉ። የሦስተኛው ቀን ጠላ የኮመጠጠው ስለዚህ ነው።

ስለ ጌሾውም አንድ ቃል እንጨምር። የአውሮፓ ጠማቂ ለምሬት የሚጠቀምበት ሆፕስ የሚባለውን ሐረግ ነው፤ የእኛም ፋብሪካዎች ይህንኑ በውጭ ምንዛሪ ያስመጣሉ። ጌሾ ግን በደጋውም በወይና ደጋውም ጓሮ ውስጥ የሚበቅል የራሳችን ቁጥቋጦ ነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና አንድ ባልደረባቸው በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የምሬቱን ምንጭ ከቅጠሉ ለይተው ጌሾይዲን የሚል ስም አውጥተውለታል። እንግዲህ ሳይንሱም ቢሆን በእኛው ሰዎች እጅ ተጀምሯል፤ ጀማሪ እንጂ ተከታይ አላገኘም ብንል ብዙ አንሳሳትም።

የብራስልሱ ኦክ በርሜልና የጋይንቱ ጋን የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው። እንጨቱም ሸክላውም ይተነፍሳሉ፤ ሁለቱም ያለፈውን ዓመት ነፍሳት በግድግዳቸው ውስጥ አሳድረው ለሚመጣው ዓመት ያስተላልፋሉ። የሚለያዩበትም አለ። ኦክ ከራሱ እንጨት ጣዕም ይሰጣል፤ እኛ ግን የዛፉን ጣዕም የምናገኘው በጢስ ነው፤ በርሜሉን ከእንጨት ከመሥራት ይልቅ እንጨቱን አጭሰን ለጋኑ እናጠጣዋለን። ወይራ በየደብሩ አጸድ ባይከበር ኖሮ ይህ ጣዕም ዛሬ በብዙ ቦታ ባልተገኘ ነበር። የብርቱካን ልጣጩ ነገር ደግሞ ለጠላ እንግዳ ነው። በጣና ዳር በዘጌ ጌሾና ሎሚ ከቡናው ጋር ጎን ለጎን ሲበቅሉ እናያለን፤ ወደ ጋኑ የሚገባው ግን ጌሾው ብቻ ነው። ጠላ ጊዜ ከተሰጠው ኮምጣጣነቱን ከውስጡ ስለሚያወጣ የሎሚ ብድር አያስፈልገውም።

አውሮፓ ይህን ነገር እንዴት ጣለው፣ እንዴትስ አነሣው? በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክሪስቲያን ሐንሰን በ1883 እ.ኤ.አ. አንድ ንጹሕ የእርሾ ዘር ለብቻው ለይቶ አራባ። ከዚያ በኋላ የቢራ ፋብሪካ ማለት አንድ እርሾ፣ አንድ ጣዕም፣ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ሆነ። የአዲስ አበባው ቢራና የኮፐንሃገኑ ቢራ የሚመሳሰሉት በዚህ ምክንያት ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. በዚያው ላቦራቶሪ ክላውሰን የሚባል ሊቅ በእንግሊዝ የከረመ ቢራ ውስጥ ጣዕሙን የሚሰጥ ሌላ የዱር እርሾ አግኝቶ ብሬታኖማይሲስ አለው፤ «የብሪታንያ እርሾ» እንደ ማለት ነው። የአሮጌ ቆዳውን ሽታ የሰጠን እርሱ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን ይህን እርሾ እንደ ተባይ አሳደዱት። ያልተሰደደበት አገር ቢኖር የቤልጂክ ዋና ከተማ የብራስልስ ዙሪያ ነበር። እዚያ የዜን ወንዝ ሸለቆ ጠማቂዎች የተቀቀለውን የእህል ውሃ በሰፊና ጥልቀት በሌለው ገበታ ላይ አፍስሰው ሌሊቱን ለአየር ይሰጡታል። ይህንም የሚያደርጉት በቀዝቃዛው ወራት ብቻ ነው፤ በበጋው ሙቀት ክፉዎቹ ነፍሳት ይበዛሉና። ጠጁ እንጂ ጠማቂው አይቸኩልም።

የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በሚያየው አገር የተወለደ ሰው የብርዱን ነገር ለማስረዳት አይቸገርም። በደጋው ጥንስሱ ቀስ ይላል፤ ሴቶቹም ጋኑን ወደ ምድጃው ጠጋ ያደርጉታል። በቆላው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ፈጥኖም ይኮመጥጣል። «የደጋ ጠላ» እና «የቆላ ጠላ» እያልን የምንለየው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ጉዳያችን ፍሬ እንምጣ። ቤልጂኮች ይህን መጠጥ ወደ ሙዚየም አላስገቡትም፤ ለአንድ ኩባንያም አልሸጡትም። ያደረጉት ነገር የአሠራሩን ደንብ መጻፍ ነው። ላምቢክ ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 30 በመቶው ያልበቀለ ስንዴ መሆን አለበት፤ አፈላሉ በዱር እርሾ መሆን አለበት። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት ለዚህ አሠራር ጥበቃ ሰጥቶታል። ደንቡ የሁለት ጠማቂዎች መጠጥ እንዲመሳሰል አያዝም። መንገዱን ይጠብቃል፤ ጣዕሙን ለጋኑ፣ ማለታችን ለበርሜሉ፣ ይተውለታል።

የሚገርመው ነገር ይህ ነው። በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ 11ኛ ስብሰባውን ያደረገው በአዲስ አበባ ነበር። የገዳ ሥርዓት በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዚያ ስብሰባ ነው፤ ደስታችንም ትልቅ ነበር። የቤልጂክ የቢራ ባህል የተመዘገበውም በዚያው ስብሰባ፣ በዚያው በአዲስ አበባ ነው። እንግዳው የአገሩን መጠጥ በእኛ አዳራሽ አስመዝግቦ ሲሄድ፣ የእኛ ጠላ ከአዳራሹ ውጭ፣ ቆርቆሮ ጣሳ በተሰቀለበት እንጨት ሥር፣ ይቀዳ ነበር። እንግዳውን አንወቅሰውም፤ ሥራውን ሠርቶ መጥቷል።

በአገራችን የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጎንደር በዳሽን፣ ሌሎችም ከተሞች በየፋብሪካቸው ታውቀዋል፤ የብቅል ፋብሪካም በአሰላና በጎንደር ተተክሎ የገብስ ገበሬ ገበያ አግኝቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለከል ብዙ ፋብሪካዎች ተጨነቁ። ጠላ ሻጮቹ ግን ምንም አልተሰማቸውም። የእነርሱ ማስታወቂያ ከጥንት ጀምሮ ያው የተሰቀለው ጣሳ ነውና አዋጁ አላገኘውም። ይህን ስንል እየቀለድን አይደለም፤ ስለ ቢራ አዋጅም፣ ግብርም፣ የደረጃ ደንብም ሲወጣ ጠላ አንድም ጊዜ ተጠርቶ እንዳልተቆጠረ ለማሳየት ነው። ያልተቆጠረ ነገር አይቀጣም፤ ነገር ግን አይጠበቅምም።

የመጀመሪያውን አስተያየት፣ «እህል ይፈጃል» የሚለውን፣ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እብናት በዝርዝሩ ውስጥ የገቡት እንዲያው አይደለም። መሬቱ ተሸርሽሯል፤ ዝናቡ ይዘገያል ወይም ያንሳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምትም ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ ሰውንም ንብረትንም ጎድቷል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቁና ገብስ ወደ ጋን ሲገባ፣ ያ ቁና ከልጅ ገበታ እንዳይጎድል መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቢሆንም ጠያቂው ወጣት ሠራተኛ የጠላውን ሒሳብ እስከ መጨረሻው ማስላት አለበት። ደቦ የሚወጣው ገበሬ ቀኑን ሙሉ ሲያጭድ ወይም ሲያርም የሚከፈለው ገንዘብ የለም፤ የሚከፈለው እህልና ጠላ ነው። ባለቤቱ ሞታ ወይም ታሞ ሰብሉ የሚበሰብስበት ሰው፣ ሽማግሌና መበለትም፣ ጉልበት የሚያገኙት በዚህ ነው። ስለዚህ በጋይንት ጠላ በከፊል ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል፤ ደመወዙን የከለከለ ሥራውን መከልከሉን ይወቅ። ከዚህም ሌላ፣ ያልጠራ ጠላ መጠጥ ብቻ አይደለም፤ እህልነቱ ጨርሶ አይጠፋም። ከተጣራው የቀረው ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ ቅራሪ ሆኖ ለልጅና ለእረኛ ይሆናል፤ አተላው ደግሞ የላሟና የበሬው ነው። ከጋኑ የሚጣል ነገር አላየንም። መሬት የሌላትና ባል የፈታት ሴት ልጇን ትምህርት ቤት የምታኖርበት ገንዘብም ከዚሁ ይወጣል። ይህን ሁሉ ደምረን ስናበቃ እንኳ፣ በክፉ ዓመት ለዝክርና ለተዝካር የሚጠመቀው ጠላ መጠን ሊቀነስ ይገባል የሚለው ምክር ትክክል ሊሆን ይችላል። ሆኖም ምክሩ ከቄሱ፣ ከእድሩና ከራሳቸው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ የሚመከር ነው፤ ከወረዳ በሚጻፍ ደብዳቤ የሚጠናቀቅ አይደለም።

ሁለተኛው አስተያየት ይበልጥ ያሳስበናል፤ ውጤቱ ያማረ ስለሚመስል። ጠላን በፋብሪካ ለመጥመቅ የሚነሣ ባለሀብት በመጀመሪያ የሚፈልገው ጣዕሙ ዛሬና ነገ አንድ እንዲሆን ነው። ለዚህ የዱር እርሾውን ገድሎ አንድ ንጹሕ እርሾ ይጨምራል። ጋኑን በብረት በርሜል ይተካል። ጢሱን ምናልባት በሽታ ውሃ ይተካል። ጉሽነቱን አጣርቶ፣ በእሳት አሙቆ ያሽገዋል። ከዚህ በኋላ በጠርሙሱ ላይ «ጠላ» የሚል ጽሕፈት ይቀራል። እኛ ፋብሪካን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም፤ ነገር ግን ሐንሰን በ1883 ያደረገውን ዛሬ በጠላ ላይ ደግመን፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የልጅ ልጆቻችን የዱር እርሾ ፍለጋ በየገዳሙ እንዲዞሩ የምናደርግበት ምክንያት አይታየንም።

«ታዲያ እንዲሁ ይቀመጥ?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። እንዲሁ አይቀመጥም። በከተማ የሚሸጠው ጠላ ውሃው ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ኃይሉን ለመጨመር ምን እንደገባበትም አይታወቅም። ተራ ጠላ በአልኮል ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ የተጣራው ደግሞ ከ5 እስከ 6 በመቶ እንደሚሆን የተለመደ ግምት አለ፤ የሚጠጣው ሰው ግን የትኛውን እንደጠጣ የሚያውቀው ራሱን ሲያመው ነው። ቁጥጥር ያስፈልጋል። ጥያቄው የቁጥጥሩ ዓይነት ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ብራስልስ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። ቤተ ልሔም እዚያው ጋይንት ናት።

እንደሚታወቀው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ የመጣውን ዜማ አንድ ተማሪ በጎጃም ሊማረው ይችላል፣ በሸዋም በላስታም ሊማረው ይችላል። ዓመታት ያጠናል፤ በጥንቱ ልማድ ድጓውን በገዛ እጁ በብራና ይጽፋል። ነገር ግን መምህር ነኝ ለማለት ቤተ ልሔም ሄዶ መመስከር አለበት። እዚያ የሚሰሙት መምህር ወረቀት አይመረምሩም፤ ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ ከሳተ ይመለሳል። በዚያው አካባቢ ዙር አባ ደግሞ ለዝማሬና ለመዋሥዕት እንዲሁ ምስክር ናት። ፋብሪካ በሌለበት፣ ለብዙ ዘመንም ማተሚያ ቤት ባልነበረበት አገር፣ በአፍና በጆሮ የሚተላለፍ ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበላሽ የቆየው በዚህ የምስክር ሥርዓት ነው። የሁለት መሪጌቶች ድምፅ አይመሳሰልም፤ እንዲመሳሰልም የጠየቀ የለም። ዜማው ግን አንድ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም ራሱ ይህንኑ ይመስላል። ከውጭ ሲያዩት ክብና የሣር ክዳን ያለው እንደ ማንኛውም የገጠር ደብር ነበር፤ በ1955 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደዚያ የደረሰው ቶማስ ፓከናም የሚባል ወጣት ተጓዥ ግን በክቡ ውስጥ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንጻ ተሠውሮ አይቶ ለውጭው ዓለም ጻፈ። ለባላገሩ ግን የተሠወረ ነገር አልነበረም፤ በየእሑዱ ይሳለመው ነበር።

እንግዲህ ለጠላም ምስክር ቢኖረው ምን ይከለክላል? በአንድ ወረዳ ውስጥ ጠላዋ የተመሰገነ ሴት ማን እንደሆነች የማያውቅ ሰው የለም። የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን ባለሙያ ሴቶች አሰባስቦ የአካባቢውን አሠራር በቃላቸው መመዝገብ፤ ጌሾው ስንት ቀን፣ እንኩሮው እስከምን ድረስ፣ ጋኑ በምን እንጨት እንደሚታጠን መጻፍ፤ ከዩኒቨርሲቲ አንድ ሁለት ባለሙያ ጨምሮ የውሃውን ንጽሕናና የአልኮሉን መጠን የሚለካበትን ቀላል መንገድ ማስተማር፤ ከዚያም ለሽያጭ የምትጠምቅ ሴት በእነዚያ ባለሙያዎች ፊት ቀምሰው እንዲመሰክሩላት ማድረግ ይቻላል። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ነው፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። ምስክር ያገኘችው ሴት በጣሳዋ ሥር አንድ ምልክት ትሰቅላለች። ጣዕሟ ከጎረቤቷ ጣዕም ጋር እንዲመሳሰል ማንም አይጠይቃትም። ለዚህ ሥራ ብዙ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የባህል ጽሕፈት ቤቱና የጤና ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ነው። ይህ ደግሞ ከበጀት ይልቅ እንደሚከብድ የቢሮ ሰው የሆነ አንባቢያችን ያውቃል።

ሥራው ቢጀመር በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር ግን ጌሾም እርሾም አይሆንም፤ ጋን ይሆናል። በጎንደር ዙሪያ የሸክላ ሥራ ከታወቀባቸው ሰዎች መካከል የቤተ እስራኤል ሴቶች ዋናዎቹ ነበሩ። አብዛኞቹ ቤተሰቦች በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። የቀሩት ሸክላ ሠሪዎች ሥራቸው የተናቀ፣ ስማቸውም በክፉ የሚነሣ ስለነበረ ልጆቻቸውን ሙያውን አያስተምሩም። በሰው ጀርባ የሚጓጓዝ ከባድ ጋን በመንገድ ይሰበራል፤ የፕላስቲክ በርሜል አይሰበርም። ስለዚህ በየገበያው የሚታየው በርሜሉ ነው። ፕላስቲክ ግን አይታጠንም፤ ካለፈው ጥንስስም በግድግዳው የሚያስቀረው ነገር የለም፤ ስለዚህ «ያውቃል» ሊባል አይችልም።

እማሆይ ሁለት ጋን አላቸው። አንደኛው ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ አፉ ተሸርፎ በጭቃና በጨርቅ ተይዟል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ለደብሩ በዓል አይበቃም። ሌላ ለመግዛት ሦስት ገበያ ዞረው ያገኙት አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነበር። ገዝተውታል። ጠላ ግን አልጠመቁበትም፤ ከምድጃው ራቅ አድርገው ገብስ ያስቀምጡበታል።